አሜሪካ ከዕዳ ነፃ የሆነችበት ዓመት፦ ጥያቄዬና የተሰጡኝ መልሶች

ስምንተኛ ክፍል ያለችው ልጄ ከትምህርት ቤት አንድ ጥያቄ ይዛ መጣች። አሜሪካ የመንግሥት ዕዳዋን አንዴም ቢሆን ከፍላ ጨርሳ ታውቃለች ወይ የሚል ነው። እኔም አላውቅም ነበር። ማታ አብረን ስናነብ መልሱን አገኘነው። አዎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። በ1835፣ አንድሩ ጃክሰን ፕሬዚዳንት ሳለ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በጣም ደስ አለኝ። ያደግኩት ዕዳ በሚፈራ ቤት ነው። አባቴ ከሰፈር ሱቅ በዱቤ ይወስድ ነበር። ባለሱቁ ጠርዙ የተበላ ሰማያዊ ደብተር አለው። ስኳር፣ ሳሙና፣ ጋዝ እያለ ይጽፋል። ደሞዝ የወጣ ቀን አባቴ እኔን አስከትሎ ይሄዳል። ከከፈለ በኋላ ባለሱቁ በቀይ እስክሪብቶ ዳር እስከ ዳር ያሰምርበታል። አባቴ ያን ቀይ መስመር በዓይኑ ሳያይ ከሱቁ አይወጣም።

ስለዚህ በኢንተርኔት የውይይት መድረካችን ላይ የከፈትኩት ክር (ሰው በተራ መልስ የሚጽፍበት ገጽ) ጥያቄ ብቻ አልነበረም፤ አቋምም ነበረበት። አገርም እንደ ቤት ነው፤ ወጪውን ቀንሶ ዕዳውን ይከፍላል፤ ጃክሰን አሳይቶናል፤ ታዲያ የዛሬዎቹ ምን ነካቸው ብዬ ጻፍኩ። ከሠላሳ በላይ መልስ መጣልኝ። አርፍደው የገቡ ሰዎች ሐሳቡን ሰብስብልን ስላሉኝ በተራ ቁጥሩ አስቀምጠዋለሁ። የሰዎቹን ቃል አልገለብጥም። በራሴ አነጋገር ነው የምተርከው።

1ኛውን መልስ የጻፉት የታሪክ መምህር የነበሩ አባት ናቸው። መጀመሪያ ልጄን መረቁልኝ። ከዚያ ታሪኩን ከ1835 ሳይሆን ከ1790 እንድጀምር መከሩኝ። አሜሪካኖች ለነፃነታቸው የተዋጉት በብድር ነበር። የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትር አሌክሳንደር ሃሚልተን፣ የየግዛቶቹንም ዕዳ የፌዴራሉ መንግሥት ይሸከመው ብሎ ተነሣ። ድምሩ 75 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። እንደ ቨርጂኒያ ያሉ የራሳቸውን በብዛት የከፈሉ ግዛቶች የሌላውን ለምን እንከፍላለን ብለው አኮረፉ። በመጨረሻ ሃሚልተን፣ እንዲሁም ኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጀፈርሰንና ማዲሰን ለራት ተቀምጠው ተስማሙ። ዕዳው ወደ ፌዴራሉ ሄደ፤ ዋና ከተማው ደግሞ ወደ ደቡብ፣ ወደ ፖቶማክ ወንዝ ዳር መጣ። እኔ የምኖረው ከዚያ ወንዝ የሃያ ደቂቃ መንገድ ርቄ ነው። ዋሽንግተን እዚህ የተቆረቆረችው በዕዳ ድርድር እንደሆነ ያወቅኩት በእኚህ አባት ነው።

በ2ኛው መልስ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ቁጥሮቹን ደረደረልን። የጀፈርሰን የገንዘብ ሚኒስትር አልበርት ጋላቲን በ1801 ሥራ ሲጀምር ዕዳው 83 ሚሊዮን ነበር። በ1803 ሉዊዚያና በ15 ሚሊዮን ዶላር ተገዛች፤ ያውም አብዛኛው በቦንድ። እንዲያም ሆኖ ጋላቲን በ1812 ዕዳውን ወደ 45 ሚሊዮን አወረደው። በዚያው ዓመት ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ተነሣ። በ1816 ዕዳው 127 ሚሊዮን ደረሰ። የአሥር ዓመት ቁጠባ በሦስት ዓመት ጦርነት እልም አለ።

3ኛዋ ጠያቂ በአንድ መስመር፣ ዜሮ ሲባል እውነት ዜሮ ነው ወይ አለች። 4ኛው ከግምጃ ቤቱ መዝገብ መለሰላት። ጃንዋሪ 1 ቀን 1835 የቀረው ዕዳ 33,733 ዶላር ከ5 ሳንቲም ነበር። ለአንድ አገር ዜሮ ማለት ይኸው ነው።

5ኛው ጃክሰንን የሚወድ ወጣት ነው። ሰውዬው ዕዳን ለምን እንደዚያ እንደጠላ ያስረዳበት መልስ እስካሁን ከልቤ አልወጣም። ጃክሰን በ1795 ለአንድ ዴቪድ አሊሰን ለሚባል ነጋዴ መሬት ሸጠ። ክፍያው በወረቀት ነበር፤ ወደፊት እከፍላለሁ የሚል ሰነድ። ጃክሰን በሰነዱ ላይ ፈርሞ ለሱቁ ዕቃ ገዛበት። አሊሰን ከሰረ። ባለዕቃዎቹም ወደ ፈራሚው፣ ወደ ጃክሰን ዞሩ። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይህ ነው። ያን ለመክፈል ዓመታት ፈጀበት። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ገንዘብን፣ ባንክንና ዕዳን በአንድ ላይ ጠላ። ፕሬዚዳንት ሲሆን በ1829 የአገሪቱ ዕዳ 58 ሚሊዮን ያህል ነበር። በ1830 ኬንታኪ ውስጥ ለሚሠራ መንገድ ገንዘብ አልሰጥም ብሎ ሕጉን ሻረው። ከምክንያቶቹ አንዱ መጀመሪያ ዕዳው ይለቅ የሚል ነበር።

6ኛው ጃንዋሪ 8 ቀን 1835 ዋሽንግተን ውስጥ ስለተደገሠው ግብዣ አወራን። ቀኑ ጃክሰን ኒው ኦርሊንስ ላይ እንግሊዞችን ያሸነፈበት ሃያኛ ዓመት ነው። ሴናተር ቶማስ ሃርት ቤንተን ዕዳው መከፈሉን ለተሰበሰበው ሰው አበሠረ። 7ኛዋ ደግሞ ከመስመር ወጣ ያለ ነገር ይዛ መጣች፤ ሆኖም ከጉዳያችን አልራቀም። በዚያው ወር፣ ጃንዋሪ 30፣ ሪቻርድ ሎረንስ የሚባል ቀለም ቀቢ በምክር ቤቱ ሕንፃ ጃክሰን ላይ ሽጉጥ ደገነ። ከሸፈ። ሁለተኛ ሽጉጥ አወጣ። እሱም ከሸፈ። ሰውዬው አእምሮው ታሞ ነበር፤ ራሱን የእንግሊዝ ንጉሥ አድርጎ ያስብ ነበር። የአሜሪካ መንግሥትም ለሱ ሊከፍለው የሚገባ ብዙ ገንዘብ እንዳለበት ያምን ነበር። አገሪቱ የማንም ዕዳ የለብኝም ባለችበት ወር ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ወጋችን የቡና ላይ ወግ ይመስል ነበር። 8ኛዋ መጥታ አየሩን ለወጠችው። ኢኮኖሚክስ የምታስተምር እህት ናት፤ ወዲያው እኔ ላይ ነው የመጣችው። አገር እንደ ቤት ነው የሚለው አነጋገር ሰውን እንደሚያሳስት ፊት ለፊት ነገረችኝ። ከ1835 በኋላ ምን እንደሆነ ለምን እንደዘለልኩ ጠየቀች። እውነቷን ነው፣ ዘልዬው ነበር። ዕዳው ካለቀ በኋላ ገንዘቡ ግምጃ ቤቱን ሞላው። ኮንግረስ በ1836 ትርፉ ለግዛቶች እንዲከፋፈል ወሰነ፤ 28 ሚሊዮን ያህል ተሰጣቸው። ባንኮች ያለ ልክ አበደሩ። ሰዉ በወረቀት ገንዘብ የመንግሥት መሬት ተሻማ። ጃክሰን በሐምሌ 1836 መሬት ከእንግዲህ በወርቅና በብር ካልሆነ አይሸጥም ብሎ አዘዘ። ሜይ 10 ቀን 1837 የኒው ዮርክ ባንኮች ወረቀቱን በወርቅና በብር መመንዘር አቆሙ። ለአራተኛ ዙር የታሰበው ክፍፍል ቀረ። በ1838 መጀመሪያ መንግሥት እንደገና ከ10 ሚሊዮን በላይ ዕዳ ነበረበት። ልጄ የጠየቀችኝ ያ ዘመን በቅጡ ሦስት ዓመት እንኳ አልቆየም።

9ኛው ይህን አልተቀበለም። ቀውሱን ያመጣው ዕዳ መክፈሉ አይደለም ባይ ነው። የእንግሊዝ ባንክ ወለድ ጨመረ፣ የጥጥ ዋጋ ወደቀ፣ መሬት ላይ ቁማር ተጫወቱ። የከፈለ ሰው በጎረቤቱ ስካር አይጠየቅም ብሎ ደመደመ። እኔ ያን ሰዓት ከሱ ጋር ነበርኩ። 10ኛው ጨመረበት። እነዚያ ትርፍ የተካፈሉት ግዛቶች ራሳቸው ለቦይና ለባቡር ሐዲድ ተበድረው ስለነበር፣ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ስምንት ግዛቶችና ፍሎሪዳ መክፈል አቃታቸው። ሚሲሲፒ ጭራሽ አልከፍልም ብላ ካደች፤ እስከ ዛሬም አልከፈለችም። 11ኛው 8ኛዋን እህት ስድብ ተናገራት። 12ኛው የባሰ መለሰለት። አስተባባሪው ሁለቱንም ሰረዛቸውና በጨዋ ደንብ እንድንቀጥል በ13ኛው አሳሰበን። ደግ አደረገ። ሴት ልጅ ስለ ባንክ ታሪክ ስለጻፈች አትሰደብም።

ቀጥሎ የመጣው መልስ ግን ክሩን ገለበጠው። 14ኛዋ ኦክላሆማ የምትኖር ነርስ ናት። ስለ ቁጥር አልጻፈችም፤ ስለ ባልደረባዋ ነው የጻፈችው። ባልደረባዋ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆነው ከቾክታው ሕዝብ ናት። በምሳ ሰዓት ሴትየዋ ሃያ ዶላር መልስ ሲሰጧት ሁልጊዜ ሁለት አሥር እንዲያደርጉላት ትጠይቃለች። እህታችን መጀመሪያ ለዝርዝር መስሏት ነበር። አንድ ቀን ጠየቀቻት። ሃያው ላይ ያለውን ሰው ቦርሳዋ ውስጥ ማስገባት እንደማትፈልግ ነገረቻት። ሃያው ላይ ያለው ጃክሰን ነው። እኔም ኪሴ ገብቼ አንድ ሃያ አወጣሁ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ፊቱን አየሁት። ይህን ብር ስንት ሺህ ጊዜ ቆጥሬዋለሁ፤ እንዲህ ብዬ አይቼው ግን አላውቅም።

እህታችን ምክንያቱንም አስከተለች። ጃክሰን የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች (ቀይ ሕንዶች የሚባሉትን) ማፈናቀያ ሕግ የፈረመው በ1830 ነው። በዚያው ዓመት ቾክታዎች ሚሲሲፒ ውስጥ 11 ሚሊዮን ኤከር ያህል መሬት በውል እንዲለቁ ተደረገ። በእግርና በጀልባ ወደ ምዕራብ ሲነዱ ብዙዎች በብርድና በኮሌራ አለቁ። መሬቱን የፌዴራሉ መንግሥት ኤከሩን ከአንድ ዶላር ከሃያ አምስት ሳንቲም ጀምሮ ቸበቸበው። የመሬት ሽያጭ በ1835 ወደ 15 ሚሊዮን፣ በ1836 ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ጥያቄዋ አጭር ነበር። ዕዳው ተከፈለ ስትሉ ማን ከፈለው?

2ኛው የሒሳብ ሠራተኛ በ15ኛው ተመልሶ እርማት ሰጠ። በትህትና ነው። የመሬት ሽያጩ የናረው ዕዳው ካለቀ በኋላ ነው። ዕዳውን በአብዛኛው የከፈለው ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣል ቀረጥ ነበር። ደቡብ ካሮላይና በ1832 ከመንግሥት ጋር ጦር ልትማዘዝ የደረሰችው በዚሁ ቀረጥ የተነሣ ነው። ትክክል ነው፤ እህታችንም ተቀበለችው።

ይሁን እንጂ በ16ኛው አንድ ሰው ከለንደን ገባና ይህንኑ እርማት ወደ ሌላ ቦታ ወሰደው። ቀረጥ የሚከፈለው ዕቃ ሲገባ ነው። ዕቃ የሚገዛው ደግሞ አንድ ነገር ወደ ውጭ ተሽጦ ነው። በ1830ዎቹ አሜሪካ ወደ ውጭ ከምትሸጠው ግማሽ ያህሉ ጥጥ ነበር። ጥጡን የሚለቅመው ባሪያ ነው። እንግዲህ የዕዳውን ገመድ ወደ ላይ ስትስበው መጨረሻ ላይ የምታገኘው የሰው እጅ ነው አለን። ከዚያ የራሱን አገር ጉዳይ አመጣ። በዚያው በ1835 የእንግሊዝ መንግሥት 15 ሚሊዮን ፓውንድ ተበደረ። ለምን? ባርነት ሲቀር ለባሪያዎቹ ጌቶች ካሳ ለመክፈል። ለባሪያዎቹ አንድም ፔኒ አልተሰጠም። ያ ብድር ከሌሎች የቆዩ የመንግሥት ቦንዶች ጋር ተጠቅልሎ ቆይቶ የተዘጋው በ2015 ነው። ሰውዬው በለንደን የሚያገለግል ሐኪም ነው። ከደመወዙ ከሚቆረጠው ግብር ጥቂቱ ለዚያ ሄዷል። ይህን ሲጽፍ እንደተናደደ ያስታውቃል፤ እኔም እያነበብኩ ተናደድኩ።

17ኛው እኔ ነኝ። ክሩን ስከፍት የጻፍኩትን አቋም እንዳነሣሁ ገለጽኩ። አባቴ የከፈለው ከራሱ ደሞዝ ነበር። ቀዩ መስመር የሚያኮራው ለዚህ ነው። ከጎረቤት ጓዳ ወስዶ ቢከፍል ኖሮ እኔን አስከትሎ አይሄድም ነበር።

ከዚያ ያልጠበቅኩት ነገር መጣ። በ18ኛው ጋሼ የምንላቸው፣ በደርግ ጊዜ ቡካሬስት የተማሩ ሰው ጻፉ። የሮማኒያው ቻውሼስኩ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ የውጭ ዕዳ ነበረበት። እሱም እንደ ጃክሰን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም እከፍላለሁ ብሎ ማለ። ሥጋው፣ እህሉ፣ ነዳጁ ወደ ውጭ ተሸጠ። ዳቦና ስኳር በኩፖን ሆነ። ጋሼ የዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤታቸውን ክረምት ነገሩን። ለክፍሉ የተፈቀደችው አርባ ሻማ የምታበራ አንዲት አምፖል ናት። ሦስት ልጆች ካፖርትና ጓንት እንዳደረጉ በሷ ሥር ተጠጋግተው ያጠናሉ። ገጽ ለመግለጥ ጓንት ማውለቅ አለብህ፤ ስለዚህ አንዱ ለሌሎቹም ይገልጥላቸዋል። ቴሌቪዥኑ ማታ ሁለት ሰዓት ብቻ ይሠራል፤ እሱም ስለ መሪው ነው። በ1989 ጸደይ ዕዳው ሙሉ በሙሉ ተከፈለ ተብሎ ታወጀ። በዲሴምበር ሕዝቡ ተነሣ። ቻውሼስኩ በገና ዕለት ተረሸነ። ጋሼ ያኔ ወደ አገራቸው ተመልሰው ነበር፤ ወሬውን የሰሙት በሬዲዮ ነው። መጀመሪያ ያሰቡት ያቺን አምፖል እንደሆነ ጻፉልን።

19ኛው ነገሩን ወደ አገራችን አዞረው። አፄ ምኒልክ ከውጫሌ ውል ጋር ተያይዞ ከጣሊያን 4 ሚሊዮን ሊሬ ተበድረው ነበር፤ መያዣው የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነው። በ1893 ውሉን ሲያፈርሱ ብድሩንም ከነወለዱ መለሱ። ከአድዋ በፊት መሆኑ ነው። ዕዳ ተይዞ አልገዛም ማለት እንደማይቻል ስላወቁ ነው የሚለው ሐሳቡ ለኔ ያሳምናል። 20ኛው ግን ያ ገንዘብ ከባላገሩ ጎተራ አልወጣም ወይ ብሎ የኦክላሆማዋን ጥያቄ መለሰበት። ልክ ነው፣ ጥያቄው ለኛም ይጠየቃል። ወዲያው ግን ከ21 እስከ 24 ያሉት ወደ ዛሬ ፖለቲካ ገቡ። በዲሴምበር 2023 ኢትዮጵያ የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳትከፍል መቅረቷ ተነሣ፤ ይህኛው መንግሥት፣ ያኛው መንግሥት ተባለ፤ ተሰዳደቡ። አስተባባሪው ጠረገው። 25ኛዋ በመሀል የቤት ብድሬን በ15 ዓመት ብጨርስ ይሻላል ወይስ በ30 ብላ ጠየቀች፤ አምስት ሰው መልስ ሰጣት። ስለ ዕቁብም ብዙ ተባለ።

በ31ኛው ያቺ የኢኮኖሚክስ መምህርት ተመለሰች። በስድቡ ትቀራለች ብዬ ፈርቼ ነበር። በዚህ ጊዜ ለዘብ ብላ፣ ዕዳ የሚቀንስበትን ሌላ መንገድ አሳየችን። በ1946 የአሜሪካ ዕዳ 269 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት በልጦ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሠላሳ ዓመታት ዕዳው በዶላር ሲቆጠር እንዲያውም ጨመረ። ነገር ግን ምርቱና ዋጋው ከሱ ይልቅ ስላደገ ከምርቱ ሲሶ ያህል ብቻ ሆነ። ማንም ድግስ አልደገሠለትም። ሰው ጾም አላደረም፤ ፋብሪካ ሠራ፣ ቤት ሠራ፣ ተማረ። ለመጨረሻ ጊዜ ትርፍ በጀት የታየው ከ1998 እስከ 2001 ነበር። ኒው ዮርክ ውስጥ የአገሪቱን ዕዳ እየቆጠረ የሚያሳይ ትልቅ ሰሌዳ አለ። ቁጥሩ ወደ ኋላ መሄድ ስለጀመረ በ2000 አጠፉት። በ2002 እንደገና አበሩት። በ2008 ዕዳው 10 ትሪሊዮን ሲያልፍ አሃዝ ማስገቢያ ቦታ ጎደለው። 32ኛው ከሷ ቀጥሎ አንድ ጠቃሚ ነገር ነገረን። ለአሜሪካ ዕዳ መክፈያ ማንም ሰው ስጦታ መላክ ይችላል፤ በ1961 በሕግ የተፈቀደ ነው። ልጄ ይህን ስትሰማ አምስት ዶላሯን ልትልክ ተነሣች። እኔ አልከለከልኳትም።

33ኛው መልስ የመጣው ትናንት ማታ ነው። የኦክላሆማዋ እህት ናት። ክሩን ለባልደረባዋ በምሳ ሰዓት በቃል ተርጉማላታለች። ሴትየዋ ሁሉንም ሰምታ ስለ ጃክሰን ምንም አልጨመረችም። የነገረቻት ስለ 1847 ነው። አየርላንድ ውስጥ ድንቹ በስብሶ ሕዝቡ በረሃብ ሲያልቅ፣ ከሚሲሲፒ ከተነዱ ገና አሥራ አምስት ዓመት ያህል የሆናቸው ቾክታዎች ገንዘብ አዋጥተው ላኩ። 170 ዶላር። አየርላንዶች አልረሱትም፤ ሚድልተን በምትባል ከተማቸው ሐውልት አቁመውላቸዋል። በ2020 በኮሮና ጊዜ ሌሎች የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ ናቫሆና ሆፒ፣ ሲቸገሩ ብዙ አየርላንዳውያን ገንዘብ ላኩ። ለምን እንደሚልኩ ሲጽፉም ያን የ1847ቱን ውለታ ጠቀሱ።

ልጄ ይህን በራሷ ወረቀት ላይ ለመጻፍ ቦታ አነሳት። ጀርባውን ገልብጣ ቀጠለች።